አፍሪካ አዳራሽ፦ በ18 ወር ተሠርቶ በ9 ዓመት የታደሰው ሕንጻ

ስለ አፍሪካ አዳራሽ ወሬ ሲነሳ ሁሉም ሰው ቀጥ ብሎ የሚሄደው የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተበት ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም ላይ ነው። መሪዎቹ የተሰበሰቡበት፣ ጃንሆይ ከእነ ንክሩማህና ከእነ ናስር ጋር የተነሱት ፎቶ፣ የካዛብላንካና የሞንሮቪያ ቡድን እየተባለ ለሁለት ተከፍሎ የነበረው አህጉር አንድ ቻርተር ላይ መስማማቱ፣ ይሄን ከትምህርት ቤት ጀምሮ እየሰማን ነው ያደግነው። ቤቱን ማን አሰበው፣ ማን ዲዛይን አደረገው፣ እንዴት በዛ ፍጥነት አለቀ፣ ከዛስ ምን ሆነ የሚለው ግን ብዙ አይወራም፣ እኔ ደግሞ እውነቱን ለመናገር ከስብሰባው ይልቅ የሚስበኝ ይሄኛው ነው።

ሁለት ቁጥር ያዙልኝ። አዳራሹ የተሠራው በ18 ወር ገደማ ነው። የታደሰው ደግሞ፣ በጀቱ ከጸደቀበት ጊዜ ከቆጠርን፣ 9 ዓመት ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ነው። ሰው ይሄን ሲሰማ መጀመሪያ የሚለው "የድሮ ሰው ጎበዝ ነበር፣ የዛሬው ሰነፍ ነው" ነው። እኔ እንደዛ አይመስለኝም፣ እንደውም ሁለቱ ቁጥሮች በጣም የሚገናኙ ናቸው፣ አንደኛው የሌላኛው ውጤት ነው ማለት ይቻላል።

አሠሪው

እ.ኤ.አ በ1958 የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽንን፣ እኛ ኢሲኤ የምንለውን፣ ሲያቋቁም መቀመጫው አዲስ አበባ ሆነ። ከተማዋ ግን ለአህጉር ጉባዔ ተብሎ የተሠራ ቤት አልነበራትም። ጃንሆይ ሕንጻውን የኢትዮጵያ መንግሥት አሠርቶ ለኮሚሽኑ እንዲሰጥ አደረጉ፣ በዛሬ አነጋገር ዴቨሎፐሩ እሳቸው ናቸው ማለት ነው፣ ተከራዩ ደግሞ ኪራይ የማይከፍል ዓለም አቀፍ ድርጅት።

ስሌቱ ምን እንደሆነ ለማየት ዘመኑን ማየት ይበቃል። እ.ኤ.አ በ1960 ብቻ 17 የአፍሪካ አገራት ነጻ ወጥተዋል። እነዚህ ሁሉ አዳዲስ መንግሥታት የሆነ ቦታ ተሰብስበው መነጋገራቸው አይቀርም፣ እና ወንበሩን ቀድሞ ያዘጋጀ አገር የፖለቲካውን መሃል ያዘ ማለት ነው። በ1955 ዓ.ም መሪዎቹ አዲስ አበባ የመጡት በጃንሆይ ስም ብቻ አይደለም፣ በውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ በአቶ ከተማ ይፍሩ ሩጫ ብቻም አይደለም፣ የሚቀመጡበት አዳራሽ፣ ትርጉም የሚሰሙበት መሣሪያ ተዘጋጅቶ ስለጠበቃቸው ጭምር ነው። ይሄ የእኔ ግምት ነው፣ ግን አዳራሹ ባይኖር ኖሮ ታሪኩ ሌላ ከተማ ሄዶ ሊሆን ይችል ነበር ብዬ አምናለሁ።

ቦታው ኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ፊት ለፊት ነው፣ ከመስቀል አደባባይ ከፍ ብሎ። ቀነ ገደቡም ቀልድ አልነበረም፣ እ.ኤ.አ በየካቲት 1961 ኮሚሽኑ ሦስተኛ ጉባዔውን አዲስ አበባ ላይ ያደርጋል፣ እንግዶቹ ደግሞ ስካፎልዲንግ ሥር አይሰበሰቡም።

ጂኦሜትራው

ዲዛይኑን የሠራው አርቱሮ መዜዲሚ ይባላል። እ.ኤ.አ በ1922 ጣሊያን አገር፣ ሲዬና አካባቢ ተወለደ፣ በ1940 የ18 ዓመት ልጅ ሆኖ ከቤተሰቡ ጋር አስመራ ገባ። አሁን አንድ ነገር ልብ በሉ፣ ሰውየው ዩኒቨርሲቲ ገብቶ አርክቴክቸር የተማረ አይደለም። አስመራ ላይ የተማረው የጂኦሜትራ ትምህርት ነው፣ ቅየሳና የግንባታ ሥራ የሚያውቅ መካከለኛ ባለሙያ ማለት ነው፣ አባቶቻችን "ጂኦሜትራው መጣ" ሲሉ የነበረው እሱን አይነቱን ሰው ነው። አስመራ ላይ ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ እያለ የመዋኛ ገንዳ ሠራ፣ ከዛም ሥራ በሥራ ላይ እየተደራረበለት ሄደ። አፍሪካ አዳራሽን ሲጀምር 37 ዓመት አካባቢ ነው።

ዛሬ ይሄ ሰው ፈቃድ ሊያወጣ ቢሄድ ከበሩ ነበር የሚመለሰው። እዚህ ላይ ሰዎች ሁለት ቦታ ይከፈላሉ፣ አንዳንዱ "አየህ ዲግሪ ምንም አይደለም" ይላል፣ ሌላው "ቅኝ ገዢዎቹ ለራሳቸው ሰው ሥራ ሲሰጡ ነው" ይላል። እኔ ሁለቱም አይዋጥልኝም። መዜዲሚ ሳይት ላይ ያደገ ሰው ነው፣ አርማታ እንዴት እንደሚፈስ፣ ዕቃ ከወደብ ደጋው ድረስ ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ፣ የትኛው ካቦ ምን እንደሚችል ያውቃል፣ የጃንሆይን ቀነ ገደብ ለማሟላት ደግሞ የሚያስፈልገው ይሄ እውቀት ነበር። ሮም ወይ ፓሪስ የተቀመጠ ስመ ጥር አርክቴክት ቢሰጠው ኖሮ 18 ወሩ በደብዳቤ ልውውጥ ያልቅ ነበር።

ንድፉን ደግሞ ተመልከቱት። የጣሊያን ፋሺስት ዘመን ሕንጻ የሚታወቅበት ክብደትና ኩራት የለበትም፣ የዘውድ ቤት አንበሳና ቅጥልጥልም የለበትም። ቀጥ ያለ የ1950ዎቹ ዘመናዊ ሥራ ነው፣ መስታወት፣ ቀጫጭን ኮለን፣ ንጹህ መስመር፣ ላዩ ላይ በብርቱካንማ፣ ቡናማና ነጣ ባለ ቀለም የተለበጡ ትንንሽ ሞዛይክ ንጣፎች፣ ውስጡ እብነ በረድና እንጨት። ከኢትዮጵያ ወጣ ብሎ ለአህጉሩ ሁሉ የሚሆን ቤት እንዲመስል የተፈለገ ይመስላል። ንጉሠ ነገሥት አሠርቶት ንጉሥ ንጉሥ የማይሸት ቤት መሆኑ ለኔ ትልቁ ነገር ነው።

መዜዲሚ በኋላ ዘመን ስለ ጃንሆይ በጻፈው ምስክርነት ላይ የንጉሡን ሐሳብ ሲያስረዳ፣ እዚህ አገርም ትልልቅ ሕንጻ መሥራት እንደሚቻል ጥቂት ሥራ አቁመን እናሳይ፣ መኖሪያ ቤቱን እኛ ባንሠራው ሌላው ይሠራዋል የሚል መንፈስ እንደነበራቸው ያነሳል። ሌላው አልሠራውም እንጂ! የአዲስ አበባ የቤት ችግር እስከዛሬ ጃንሆይን እየታዘበ አለ። ግን ሐሳቡን ከነድክመቱ መያዝ ደስ ይለኛል፣ ምክንያቱም እዛው ላይ ተመርኩዞ ነው መዜዲሚ ከአፍሪካ አዳራሽ ቀጥሎ ማዘጋጃ ቤቱን የሠራው፣ የፒያሳውን ባለ ሰዓት ሕንጻ ማለት ነው።

ግርግሩ

አሁን አንድ ብዙ ሰው የማያያይዘው ነገር። ሕንጻው ፊኒሺንግ ላይ እያለ ነው የታህሳስ 1953ቱ መፈንቅለ መንግሥት የተሞከረው። ጃንሆይ ብራዚል ናቸው፣ እነ መንግሥቱ ንዋይ ከተማዋን ያዙ፣ ተኩስ ሆነ፣ 6 ኪሎ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ ታላላቅ ሰዎች ተገደሉ። ሁለት ወር እንኳን ሳይሞላ፣ በጥር መጨረሻ፣ አፍሪካ አዳራሽ ተመረቀ። በሐዘን ላይ ያለ ከተማ፣ በር ላይ ወታደር ቆሞ፣ ውስጥ ደግሞ የአፍሪካ ልዑካን ስለ ልማት ሲወያዩ አስቡት። የጊዜ ሰሌዳውን ያራዘመ ሰው የለም፣ ይሄ የሚያስደንቅ ነው፣ ትንሽም የሚያስፈራ።

ከዛ በኋላ ጃንሆይ ገነተ ልዑልን ለዩኒቨርሲቲው ሰጥተው ኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ተጠቃለው ገቡ። ስለዚህ እስከ መስከረም 1967 ድረስ፣ ያችን ቮልስዋገን ውስጥ ገብተው እስከሄዱባት ጠዋት፣ አዳራሹ ጎረቤታቸው ነበር።

መስታወቱ

ስለ አፍሪካ አዳራሽ ተጽፎ መስታወቱን ማለፍ አይቻልም። የሠሩት አፈወርቅ ተክሌ ናቸው፣ ሙሉ ማዕረጋቸውን ልጻፍ ብል አንድ መስመር ይጨርስብኛል። አንኮበር የተወለዱት እ.ኤ.አ በ1932 ነው፣ ስለዚህ ሥራውን ሲይዙ ገና ሰላሳ አልሞላቸውም። 150 ካሬ ሜትር ነው ስፋቱ፣ በሦስት የተከፈለ፣ የመግቢያውን አዳራሽ አንድ ግድግዳ በሙሉ ይሸፍናል። ርዕሱ የአፍሪካ ሙሉ ነጻነት ነው። የመጀመሪያው ክፍል ያለፈው ዘመን፣ ቀይ ይበዛበታል፣ ባርነትና ጭቆና ነው፣ ሁለተኛው ትግሉ፣ አረንጓዴ፣ ዘንዶው የሚወጋበት፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቅዱስ ጊዮርጊስን እያየ ያደገ ሰው እጅ እንዳለበት ወዲያው ታያላችሁ። ሦስተኛው የወደፊቱ ነው፣ ቢጫ፣ ፊት ለፊት ችቦ የያዘ ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ፣ እዛው ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት ዓርማ ያለበት ጥሩር የለበሰ ባላባት ቆሟል።

ያ ባላባት ዛሬ ሲታይ ትንሽ ያስፈግጋል፣ የተባበሩት መንግሥታት ጦር ሰብቆ ሊያድነን እንደሚመጣ የታመነበት ዘመን ነበር ማለት ነው። ግን አዳራሹ በተመረቀበት ዓመት የሚታሰበው በትክክል እንደዛ ነበር፣ ለዛም ነው መስታወቱን እንደ ጌጥ ብቻ የማላየው፣ የዛን ጊዜ ተስፋ ምን እንደሚመስል ከማንኛውም ንግግር በላይ ያሳያል። ሰዓሊና አርክቴክት ከመጀመሪያው አብረው ሲታሰቡ የሚወጣው ነገር እንደዚህ ነው። የዛሬ ሕንጻዎቻችን ላይ ሥዕል የሚታሰበው ቀለም ቅቡ አልቆ የቀረ ብር ካለ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ አይቀርም።

እንዴት አረጀ

ሕንጻ የሚያረጀው በዝናብ ብቻ አይደለም፣ ሥራ ሲያጣም ነው። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ከተመሠረተ በኋላ የራሱ መሥሪያ ቤት ሌላ ቦታ ሆነ፣ አዳራሹ የኢሲኤ እንደሆነ ቀረ። እ.ኤ.አ በ1996 ደግሞ እዛው ግቢ ውስጥ ትልቁ የተባበሩት መንግሥታት የስብሰባ ማዕከል ተከፈተ፣ ትልልቁ ጉባዔ ሁሉ ወደዛ ሄደ፣ አሮጌው አዳራሽ የተከበረ ጡረተኛ ሆነ። ከእድሳቱ በፊት የኤሌክትሪክ መስመሩ የ1953 ነበር፣ ቧንቧው የ1953 ነበር፣ የእሳት መከላከያውና የአካል ጉዳተኛ መግቢያው ዛሬ ከሚጠየቀው ጋር አይገናኝም ነበር።

ከሁሉ በላይ ደግሞ የመሬት መንቀጥቀጥ ጉዳይ አለ። አዳራሹ በተመረቀ በአራት ወር ውስጥ፣ በግንቦት 1953፣ ካራቆሬ አካባቢ ከፍተኛ መንቀጥቀጥ ደርሶ መጠኑ ከ6 በላይ ነበር፣ የማጀቴ ከተማ ፈረሰች፣ አዲስ አበባ ድረስም ተሰማ። አዲሱ ሕንጻ ያኔ ቆሞ ቀረ። ሆኖም እ.ኤ.አ በ1960 አካባቢ የተሰላ ስትራክቸር፣ ያውም ለማማር ሲባል ኮለኑ የቀጠነ፣ ዛሬ ያለውን የመንቀጥቀጥ ስታንዳርድ እንዲያሟላ መጠበቅ አይቻልም። 18 ወሩ ዋጋው እዚህ ጋ ነው የሚታየው፣ በፍጥነት የተሠራ ነገር ሁሉ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም፣ ግን እነሱ ለመመረቂያው ቀን ሠሩት፣ ለ60ኛ ዓመቱ የማሰቡ ዕዳ ለኋለኛው ትውልድ ተላለፈ።

ዘጠኙ ዓመት

እ.ኤ.አ በታህሳስ 2015 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባዔ ለእድሳቱ ወደ 57 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ በጀት አጸደቀ። ዲዛይኑን የያዘው ኮንራድ ጋርጌት የሚባል የአውስትራሊያ አርክቴክቸር ድርጅት ነው። ከዛ በኋላ ያለው የፕሮጀክት ታሪክ ለማንም ሳይት ላይ ለሠራ ሰው አዲስ አይደለም፣ ጨረታ፣ መዘግየት፣ ኮቪድ፣ ከዛ የአገሪቱ ሁኔታ። የተመረቀው ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም ነው።

ግን ጊዜውን የበላው መዘግየት ብቻ ነው ማለት ሥራውን አለማወቅ ነው። አስቡት፣ አዲስ ሕንጻ ላይ ኮለን ደካማ ከመሰለህ ፌሮ ትጨምራለህ፣ ታወፍረዋለህ፣ አለቀ። ቅርስ ላይ ግን ኮለኑን ባወፈርክ ቁጥር ሕንጻው ሌላ ሕንጻ ይሆናል፣ የመዜዲሚ ቅጥነት ይጠፋል። ስለዚህ ማጠናከሪያው እንዳይታይ ቦታ ይፈለግለታል፣ እያንዳንዱ ነገር ከመነካቱ በፊት ይለካል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ናሙና ተሠርቶ ይታያል። የውጭ ንጣፉ ገበያ ላይ የሚገኝ አይነት አይደለም፣ ከመጀመሪያው ቀለምና መጠን ጋር እንዲመሳሰል ተብሎ መሠራት አለበት። የአፈወርቅ መስታወትም በባለሙያ እጅ ተጠግኗል። በጣም የወደድኩት ደግሞ የወንበርና ጠረጴዛው ነገር ነው፣ የድሮው ዕቃ በአዲስ ሶፋ ምናምን ተተክቶ አልተጣለም፣ ተሰብስቦ ታድሶ ወደ ቦታው ተመለሰ። እኛ አገር መሥሪያ ቤት ሲታደስ መጀመሪያ የሚወጣው የእንጨት ዕቃው ነው፣ በጨረታ ይሸጣል፣ ከዛ ማንም የት እንደደረሰ አያውቅም።

አዳራሹ በተከፈተ ሰሞን ነው እንግዲህ ከፈንታሌና ከአዋሽ በኩል መንቀጥቀጡ የጀመረው። ያን ሰሞንም፣ ከዛ በኋላ ባሉት ወራትም የአዲስ አበባ ሰው ሌሊት ከፎቅ እየወረደ ይወጣ ነበር። ለስትራክቸሩ የወጣውን ብርና ጊዜ "ምን አስፈለገ" ሲል የነበረ ሰው ካለ መልሱን አልጋው ላይ ሆኖ አግኝቶታል።

እ.ኤ.አ በ2025 እድሳቱ ወርልድ ሞኑመንትስ ፈንድ የሚባለውን የቅርስ ጥበቃ ድርጅት የሞደርኒዝም ሽልማት አገኘ። ይገባዋል።

ሌሎቹስ

አሁን የሚያናድደኝ ክፍል ላይ ደረስን። ይሄ ሕንጻ ለምን ተረፈ? ውብ ስለሆነ? ውብ የነበሩ ብዙ ቤቶች የሉም። ጣይቱ ሆቴል ጥር 2007 በከፊል ተቃጠለ። በ2016 ዓ.ም መጋቢት ላይ ፒያሳ ሲፈርስ ስንት ቤት በቀናት ውስጥ ወደ ፍርስራሽነት እንደተቀየረ አይተናል። የአፍሪካ ኅብረት ራሱ፣ የአፍሪካ አዳራሽ ልጅ ማለት ነው፣ ቻይና የሠራችለትን 200 ሚሊዮን ዶላር ሕንጻ በ2004 ዓ.ም ሲያስመርቅ የቆመው ዓለም በቃኝ በፈረሰበት መሬት ላይ ነው። በጣሊያን ጊዜም በደርግ ጊዜም ስንት ሰው ያለቀበት እስር ቤት ነበር፣ ቢያንስ አንድ ክፍሉ ቢቀር ምን ነበረበት።

አፍሪካ አዳራሽ ያተረፈው ሦስት ነገር ነው ባይ ነኝ። አንድ፣ ባለቤቱ አንድ ነው፣ ግልጽ ነው፣ ብርም አለው። የፒያሳ ቤቶች ግማሹ የቀበሌ፣ ግማሹ የኪራይ ቤቶች፣ ግማሹ ወራሽ የሚካሰስበት ነበር፣ ጣሪያ የሚያድስ ሰው እንኳን አልነበረም። ሁለት፣ ወረቀቱ አልጠፋም። መዜዲሚ ከአብዮቱ በኋላ ሮም ገብቶ እ.ኤ.አ በ2010 እዛው እስኪሞት ድረስ ንድፎቹና ፎቶዎቹ ተጠብቀዋል፣ የሌሎቹ ሕንጻዎች ንድፍ ግን የት አለ ቢባል አብዛኛው አይገኝም። ሦስት፣ ከአንድ ትልቅ ቀን ጋር ስሙ ተያይዟል። ሦስተኛው ነው የሚከብደኝ፣ ምክንያቱም በዚህ ሂሳብ ከሄድን መሪ ያልተፈራረመበት ቤት ሁሉ ይፍረስ ማለት ነው፣ የአርመን ግንበኛ የሠራው ባለ ሰገነት ቤት፣ የሕንድ ነጋዴ ሱቅ፣ የወላጆቻችን ሠርግ የተደገሰበት አዳራሽ ማን ይከራከርለታል?

የመዜዲሚ የራሱ ሥራዎች እንኳን እጣቸው እኩል አይደለም። ማዘጋጃ ቤቱ በቅርብ ዓመታት ታድሷል፣ ጥሩ ነው፣ ግን ስለ እድሳቱ ሲወራ የሰማሁት ስለ ስክሪኑና ስለ መብራቱ እንጂ ስለ አርክቴክቱ አይደለም። የመንግሥት ሕንጻ ሲታደስ አርክቴክቱ ማን እንደነበር በር ላይ አንድ ጽሑፍ መለጠፍ ስንት ብር ይፈጃል?

ሌላው ቅሬታዬ አዳራሹ ያለው የተባበሩት መንግሥታት ግቢ ውስጥ መሆኑ ነው። ጥበቃው ያው ታውቁታላችሁ። የእድሳቱ ዕቅድ ላይ ለጎብኚ የሚሆን ቋሚ ኤግዚቢሽን ተካቷል፣ ይሄ ትልቅ ነገር ነው፣ ነገር ግን ስታዲየም አካባቢ ያደገ ልጅ በአጥሩ በኩል ሲያልፍ ኖሮ መስታወቱን በአካል ሳያየው ሊያረጅ ይችላል። የትምህርት ቤት ልጆች በሳምንት አንድ ቀን በቀላሉ የሚገቡበት መንገድ ቢኖር 57 ሚሊዮኑ የበለጠ ይቀናል።

አንድ የጎደለ ነገር ደግሞ አለ። የአሠሪውን ስም እናውቃለን፣ የጂኦሜትራውን እናውቃለን፣ የሰዓሊውን እናውቃለን። በእነዛ 18 ወራት አርማታ የተሸከሙት፣ ፌሮ ያሰሩት፣ እነዛን ትንንሽ ንጣፎች አንድ በአንድ የለጠፉት ሰዎች ግን ስም የላቸውም፣ ካቦዎቹ ጭምር። ያኔ የ20 ዓመት ልጅ የነበረ ሠራተኛ ዛሬ 85 አልፎታል። አባታችሁ ወይ አያታችሁ እዛ ሳይት ላይ ሠርቻለሁ ሲሉ ሰምታችሁ የምታውቁ ካላችሁ፣ ፎቶ ወይ የደመወዝ ወረቀት ቤት ውስጥ ካለ፣ እባካችሁ ሳይጠፋ ቅዱት፣ ስማቸውንና ምን ይሠሩ እንደነበር ጻፉልኝ።